ሠላሳ ደቂቃ ያለ ወሬ

ከቦሌ ሚካኤል እስከ ገርጂ ካሉ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ የመተንፈሻ ማሽን ማንበብ የምትችለው ሐሴት ዋቅጅራ ብቻ ነበረች። ይህን ያለው ሌላ ማንም አይደለም፤ ራሷ ሐሴት ናት። ያለችውም በሹክሹክታ አልነበረም። ለእናቷ ነገረቻት። ለሆስፒታሉ ጥበቃ ነገረችው። ከመገናኛ ጉርድ ሾላ ለጫናት ታክሲ ረዳት ሳይጠይቃት ነገረችው። በመጨረሻም «የዋቅጅራ ቤተሰብ» በሚባለው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ፣ ነቀምት ያሉ አጎቶቿንና የቤተ ክርስቲያናቸውን የጸሎት ቡድን ጨምሮ አርባ ሦስት ሰው በሚያዳምጥበት፣ በድምፅ መልእክት ለቀቀችው።

«ቀላል ነው» አለች ጉሮሮዋን ጠርጋ። «አረንጓዴው ልብ ነው። ሰማያዊው ኦክስጅን ነው። ነጩ ትንፋሽ ነው። ሐኪሞቹ ስንት ዓመት የፈጀባቸውን እኔ በዘጠኝ ቀን ጨርሼዋለሁ። ጥያቄ ያለው በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።»

አሥራ አንድ ሰው የልብ ምልክት ላከላት፤ የሷም ልብ በዚያው ልክ አበጠ።

ዘጠኝ ቀኑ ግን እውነት ነው። አባቷ ዋቅጅራ ከመገናኛ ገርጂ የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ «ጉንፋን ነው» እያለ ነዳ። ነጭ ሽንኩርት በላ፣ ዝንጅብል ጠጣ፣ መስኮቱን ዘጋ፣ ነዳ። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት፣ መኪናው ሞልቶ ሊነሳ ሲል፣ ግንባሩን መሪው ላይ ደግፎ ቀረ። የሳንባ ምች ነው ተባለ፤ ያውም በሁለቱም ሳንባ። ጉርድ ሾላ ያለ አንድ ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገቡት፣ በመድኃኒት አስተኙት፣ በአፉ በኩል ቱቦ አወረዱለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽኑ ይተነፍስለታል።

ሐሴትና አባቷ እንደ ሌላው አባትና ልጅ ተቃቅፈው ፎቶ የሚነሱ ዓይነት አይደሉም። የእነሱ ነገር ክርክር ነው። ስለ ስልክ፣ ስለ ፀጉር አሠራር፣ የትኛው መንገድ ጠዋት ጠዋት ይዘጋጋል፣ አይዘጋጋም፤ ቁርስ ላይ ተጀምሮ እራት ላይ ይቀጥላል። ሐሴት ምላሷ ጤፍ ይቆላል፤ አሥር ደቂቃ ሳትተነፍስ ማውራት ትችላለች። አባቷ ሁሉንም ሰምቶ፣ ጎርሶ፣ አላምጦ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይመልሳል፤ በዚያችው ሐሴት ኩም ትላለች። እናቷ አዝመራ በሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ባላት የልብስ ስፌት ሱቅ ቁጭ ብላ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚደረገው ክርክር በመስኮት እየወረደ ሲደርሳት ትስቃለች።

አሁን ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሐሴት ያለችውን ሁሉ ያለ መልስ አለች። ማንም ሳያቋርጣት ስታወራ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር። እንደዚህ እንደሚያስጠላ አታውቅም ነበር። ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ፈለገቻት፤ ለማንም ግን አልተናገረችም፤ ብትናገር ሰው ምን ይላታል?

ረቡዕ ጠዋት ዶክተር ቢሩክ እናትና ልጅን ኮሪደሩ ላይ አገኛቸው። ወጣት ሐኪም ነው፤ ጺሙ እንኳ ሐኪም መሆኑን ገና ያላመነ ይመስላል።

«ዛሬ የትንፋሽ ፈተና አላቸው» አለ። «ማሽኑ እገዛውን ለሠላሳ ደቂቃ በጣም ይቀንሳል፤ እሳቸው በራሳቸው ጉልበት ይተነፍሳሉ። ካለፉ ቱቦውን ወደ ማውጣቱ እንሄዳለን።»

«ካላለፈስ?» አለች አዝመራ።

«ነገ እንደግመዋለን። ነገም እምቢ ካለ፣ ዓርብ አንገታቸው ላይ ትንሽ ቀዳዳ እናበጅና ቱቦውን ከአፍ ወደዚያ እናዛውረዋለን። ማሽን ለረጅም ጊዜ ለሚያስፈልገው ሰው እሱ ይሻላል። መንገዱ ይረዝማል እንጂ ክፉ ነገር አይደለም። ማውራት ግን ለጊዜው አይችሉም።»

«ለጊዜው ማለት?»

«ሳምንታት። ከዚያም ሊያልፍ ይችላል።»

አዝመራ የሻርፗን ጫፍ ወደ አፏ ወሰደች። ሐሴት ግን ከዚህ ሁሉ ውስጥ «ፈተና» የምትለዋን ቃል መዘዘች። ፈተና ከሆነማ የሷ ሜዳ ነው።

«ያልፋል» አለች። «ማለፊያው ስንት ነው?»

ዶክተሩ ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ስልኩ ጠራ። «ይቅርታ» ብሎ እያናገረ ሄደ። ያቺ ስልክ ባትጠራ ኖሮ ይህ ታሪክ በግማሽ ያጥር ነበር።

የክፍሉ ነርስ ሲስተር ሐሚዳ በሩን ከፈተች። የደሴ ልጅ ናት፤ ሂጃቧን በሰማያዊው ቆብ ሥር ጠቅልላ፣ ድምፅ በሌለው ጫማ ትሄዳለች። በሃያ ዓመት ሥራዋ ስትሮጥ ያያት የለም፤ ሁልጊዜ ግን ቀድማ ትደርሳለች።

«ከናንተ አንድ ሰው አጠገቡ ይሁን» አለች። «የሚያውቀውን ሰው ሲያይ ይረጋጋል።»

«እኔ አለቅሳለሁ» አለች አዝመራ፤ እውነቷን ነው።

ሐሴት ገባች። ከሲስተር ሐሚዳ ንግግር «አጠገቡ» የሚለውን ይዛ ነው የገባችው፤ «ይረጋጋል» የሚለው በአንዱ ጆሮ ገብቶ በሌላው ወጥቷል።

የእንቅልፍ መድኃኒቱን ስለቀነሱለት ዋቅጅራ ዓይኑን ገልጧል። ከንፈሩ ዳር ቱቦው በፕላስተር ተይዟል። ፊቱ ከስቶ ጆሮው ትልቅ ሆኗል፤ ሐሴት ይህን ልትነግረው አስባ ለሌላ ቀን አቆየችው። ሲስተር ሐሚዳ ማሽኑን ነካክታ ሰዓቷን አየች፤ ከዚያ ማዶ ወዳለው አልጋ ዞረች።

«አባዬ፣ ፈተና ላይ ነህ» አለች ሐሴት ወንበሯን ስባ። «አትፍራ፣ እኔ አለሁ። ደግሞ መኪናህን ሃይደር እየነዳው ነው፣ ሰምተሃል?»

ሃይደር የአባቷ የብዙ ዓመት የሥራ ጓደኛ ነው፤ መኪናው ቆሞ እንዳይከርም ብሎ ተረክቦለታል። ዋቅጅራ ይህን አልሰማም ነበር። ዓይኑ ፈጠጠ።

«ጥሩ ነው የሚነዳው፣ አታስብ። ማርሽ ሲቀይር ብቻ ትንሽ ያንቋቋዋል። ትናንት ስሰማው መኪናው የሚያለቅስ መሰለኝ። የግራ ፍሬቻውንም ሰብሮታል፤ በፕላስተር አጣብቆታል፤ እንዳንተ አፍ። ምን ልበለው? አሁን ይጠግነው ወይስ አንተን ይጠብቅ? ምን ትላለህ?»

ነጩ ቁጥር ሃያ ሁለት ነበር። ሃያ ስድስት ሆነ። ሐሴት አየችውና ደስ አላት፤ ወሬዋ እየሠራ ነው። ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ አንድ። በሹራቧ እጅጌ የደበቀችውን ስልክ አውጥታ ግሩፑ ላይ ጻፈች፤ «ፈተናው ተጀምሯል። በ22 ገብቶ 31 ደርሷል። እየጨመረ ነው።»

አሜኑ ዘነበ። የጸሎት ቡድኑ ሰብሳቢ «ክብር ለጌታ» አሉ። ነቀምት ያሉት ትልቁ አጎቷ፣ በስልክ መጻፍ ገና እየለመዱ ያሉት፣ «መቶ ይግባልን» ብለው ጻፉ።

«34» አለች ሐሴት። «36።» ደግሞ ወደ አባቷ ጎንበስ ብላ፣ «አባዬ በርታ፣ ትንሽ ነው የቀረህ፣ አርባን ሙላና እንውጣ» አለችው። ዋቅጅራ ጭንቅላቱን ከትራሱ ሊያነሳ ይታገላል። ደረቱ ይርገበገባል። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። የሐሴት ዓይን ግን ቁጥሩ ላይ ነው።

ሠላሳ ስምንት ሲል የሲስተር ሐሚዳ እጅ ማሽኑ ላይ ነበር። መቼ እንደደረሰች አልታየም። አንድ ሁለት ነገር ነካች፤ ማሽኑ ሥራውን መልሶ ተረከበ፤ የዋቅጅራ ትከሻ ቀስ እያለ ወረደ።

«አለፈ?» አለች ሐሴት።

«ወደቀ።»

«ሠላሳ ስምንት አምጥቶ እንዴት ይወድቃል?»

ሲስተር ሐሚዳ ትንሽ አየቻት። «ቤታችሁ ስንተኛ ፎቅ ነው?»

«አራተኛ።»

«ጄሪካን ውኃ ይዘሽ አራተኛ ስትደርሺ ትንፋሽሽ ይፈጥናል ወይስ ይዘገያል?»

«ይፈጥናል።»

«በርትተሽ ነው ወይስ ደክሞሽ?»

ሐሴት ወደ ነጩ ቁጥር ዞረች።

«ቁጥሩ ሲጨምር መድከሙ ነው» አለች ሲስተር ሐሚዳ፣ የዋቅጅራን ግንባር በጨርቅ እየጠረገች። «በርትቶ የሚተነፍስ ሰው ቀስ ብሎ፣ ጠልቆ ነው። ሠላሳ አምስት አልፎ እዚያው ከቀረ እናቆማለን። ማርክ አይደለም የኔ ልጅ። ደግሞ ምን እንዳደረግሽ ልንገርሽ? ጠየቅሽው። ሰውዬው አፉ ውስጥ ቱቦ ይዞ ሊመልስልሽ ነበር።»

ኮሪደሩ ላይ አዝመራ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ እንባዋ በፈገግታዋ ላይ ይወርዳል። «ሠላሳ ስድስት ደረሰ ብለሻል» አለች። «አሁንስ?»

ሐሴት በዚያች ቅጽበት ሦስት ውሸት አዘጋጀች። አንደኛው ማሽኑ ተበላሸ የሚል ነው። ሁለተኛው ፈተናው ወደ ነገ ተዛወረ የሚል ነው። ሦስተኛው ከሁለቱም የሚያምር ነበር። የእናቷን ፊት ስታይ ግን ሦስቱም ጥለዋት ጠፉ።

«ወድቋል እማዬ። ሲጨምር መድከሙ ነበር። እኔ ነኝ ያደከምኩት። ስለ ሃይደር ነገርኩት።»

አዝመራ አልተቆጣችም። ከቁጣ የባሰውን አደረገች፤ ዝም አለች። ከጉርድ ሾላ መገናኛ ዝም፣ ከመገናኛ ገርጂ ዝም፣ አራቱን ፎቅ ዝም። ሐሴት ደረጃውን ስትወጣ ትንፋሿን ቆጠረችው። እያንዳንዱ ፎቅ ላይ ይጨምራል። እንዲህ ቀላል ነገር እንዴት እንዳመለጣት ለራሷም ገረማት።

ማታ ግሩፑ ላይ በጽሑፍ እንዲህ አለች፤ «የጻፍኩት ስህተት ነው። ቁጥሩ ሲጨምር መድከም ነው። ፈተናውን ወድቋል፣ የጣልኩት እኔ ነኝ። ነገ ይደገማል። ጸልዩ፣ ግን እንዳይጨምር።» በኋላ ነቀምት ያሉት አጎቷ ጻፉ፤ «እሺ። ሃያ ይሁንልን።»

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አዝመራ ጥርሷን ነክሳ ለመግባት ተዘጋጅታ ነበር። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዓይኗ አቀረረ። ሲስተር ሐሚዳ እሷን ተወችና ወደ ልጅቷ ዞረች።

«ትናንት ከወጣሽ ጀምሮ አባትሽ ዓይኑ በሩ ላይ ነው» አለች። «አንቺን ይፈልግ መኪናውን፣ እኔ አላውቅም። ትገቢያለሽ። ግን ሠላሳ ደቂቃ አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ።»

«አንዲት ቃል?»

«ጀመርሽ።»

ሐሴት ከንፈሯን ነክሳ ራሷን ነቀነቀች። ስልኳን ለእናቷ ሰጠች፤ ይህን ስታደርግ አዝመራ ዘጠኝ ወር ተሸክማ የወለደቻትን ልጅ እንደ እንግዳ አየቻት።

«ማሽኑን ተይው» አለች ሲስተር ሐሚዳ ወደ ውስጥ ስትመራት። «ማሽኑን እኔ አይልሻለሁ። አንቺ ደረቱን እይ። ከፍ ባለ ቁጥር አንድ። የግድግዳውን ሰዓት ይዘሽ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ። የተንቀጠቀጠ እንደሆነ ወይ ላብ ያየሽ እንደሆነ እጅሽን አውጪ።»

ፈተናው ተጀመረ። ሐሴት የአባቷን እጅ ያዘች። አባቷ አያት። ጠበቃት። ምንም አልመጣም። ቅንድቡ ተሰበሰበ፤ ይህች ልጅ ዝም ካለችማ የሆነ ነገር ተደብቆብኛል ማለት ነው ብሎ የጠረጠረ ይመስላል። ሐሴት ፈገግ አለችለትና በነፃ እጇ አፏ ላይ እንደ ዚፕ የሚዘጋ ነገር አሳየችው። ዋቅጅራ ለአንድ አፍታ አላመነም። ከዚያ ዓይኑን ቀስ ብሎ ጨፈነ።

ሃያ። ሃያ አንድ። ሃያ። በመስኮቱ በኩል ባቡሩ ጉርድ ሾላ ጣቢያ ሲቆም ይታያል፤ ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይወጣል። ሐሴት ጉሮሮዋ ላይ የተሰለፉትን ቃላት እንደ ተሳፋሪ አስቆመቻቸው። ሃይደር ፍሬቻውን እንዳስጠገነ ልትነግረው ፈለገች፤ ዋጠችው። ጆሮው ትልቅ እንደሆነ ልትነግረው ፈለገች፤ ዋጠችው። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ያሳክካት ጀመር። አሥረኛው ላይ ከተወለደች ጀምሮ ስንት ቃል እንደተናገረች ለማስላት ሞከረች፤ መቁጠሩን እንዳያበላሽባት ተወችው። ሃያ ሁለት። ሃያ አንድ።

አሥራ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ማሽኑ ጮኸ።

ማሽኑን እንዳታይ ተነግሯት ነበር፤ ዓይኗ ግን ሄደ። ነጩ ቁጥር ሠላሳ አንድ ይላል። ሠላሳ አራት። ሠላሳ ሰባት። ሲስተር ሐሚዳ ማዶ ያሉትን አዛውንት በሁለት እጇ ይዛ እያገላበጠች ነው። ዶክተር ቢሩክ ከክፍሉ ጫፍ ሆኖ ስክሪኑን አየ።

«ሲስተር፣ ሠላሳ ሰባት ገብቷል» አለ እየቀረበ። «እንደ ትናንቱ ነው። እናቁምለት መሰለኝ።»

ሐሴት ቀኑን አሰላች። ዛሬ ከቆመ ነገ ዓርብ ነው። ደረቱን አየች። ደረቱ ግን ትናንት እንዳደረገው አልተርገበገበም። ላብ የለም። እጁ በእጇ ውስጥ ልል ነው። ሰዓቱን ይዛ ቆጥራ ነበር፤ ሃያ ሦስት። ተሳስታ ይሆናል ብላ ግማሽ ደቂቃ ደገመች፤ አሥራ ሁለት። ትናንት እርግጠኛ የነበረችው ሐሴት ብትሆን ጮኻ ክፍሉን ትቀውጠው ነበር። የዛሬዋ እጇን አወጣች፤ ልክ ክፍል ውስጥ እንደሚደረገው፣ አንድ ጣት። ማንም አላየም። ጣቷን አወዛወዘች። ዶክተሩ ወደ ማሽኑ እጁን እየዘረጋ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለውን እስክሪብቶ መንትፋ መዳፏ ላይ በትልቁ «23» ጻፈችና በዶክተሩና በስክሪኑ መሐል ገተረችው።

ዶክተር ቢሩክ መዳፏን አየ። ስክሪኑን አየ። ሐሴትን አየ።

«ምንድን ነው?»

ሐሴት በሌላው እጇ ደረቱን አሳየች፣ ሰዓቱን አሳየች፣ አፏን አሳየችና ራሷን ነቀነቀች። ማውራት ተከልክያለሁ ማለቷ ነው።

ሲስተር ሐሚዳ ደርሳ ነበር። እጇን ዋቅጅራ ደረት ላይ ዘርግታ ሰዓቷን አየች። አንድ ደቂቃ ቆጠረች። ያቺ ደቂቃ ከገርጂ እስከ ነቀምት ትረዝማለች።

«ሃያ ሦስት» አለች። ከዚያ ቱቦውን በጣቷ ተከተለች፤ አልጋውና ማሽኑ መካከል ረገብ ብሎ የወረደበት ቦታ ላይ ውኃ ተጠራቅሞ ወዲያ ወዲህ ይዋልላል። «ይኸው። እርጥበቱ ውኃ ሆኗል። ውኃው በተናጠ ቁጥር ማሽኑ ሰው የተነፈሰ እየመሰለው ይቆጥራል።» ቱቦውን ነቅላ ውኃውን አፈሰሰችና መለሰችው። ቁጥሩ ሠላሳ ሁለት፣ ሃያ ሰባት፣ ሃያ ሦስት እያለ ወረደ።

«ቀጥሉ» አለ ዶክተር ቢሩክ። ቆየት ብሎ፣ «እኔም ደረቱን ማየት ነበረብኝ» አለ፤ ለማን እንዳለው ግን አልታወቀም።

ሠላሳው ደቂቃ ሞላ። ሐሴት ጣቷን ደግማ አወጣች።

«አሁን ላውራ?»

«ለኔ አውሪ» አለች ሲስተር ሐሚዳ። «ለሱ ገና።»

«አለፈ አይደል? ሃያ ሁለት ነው። ቱቦውን አያወጡትም?»

«ቁጥሩ አልፏል» አለ ዶክተሩ። «እሳቸው ማለፋቸውን ደግሞ እኔ እጠይቃለሁ።» ዋቅጅራ ላይ ጎንበስ አለ። «አቶ ዋቅጅራ፣ ይሰሙኛል? እጄን ይጭመቁ። ጎሽ። ጭንቅላትዎን ከትራሱ ያንሱ። እሺ። አሁን ይሳሉ፤ ጠንከር አድርገው።»

ዋቅጅራ ሳለ። ድምፅ ባይኖረውም ትከሻው ከአልጋው ተነሣ። ዶክተሩ በቱቦው ዙሪያ አየር ያልፍ እንደሆነ አዳመጠ፣ የአክታውን ብዛት ሲስተር ሐሚዳን ጠየቃት፣ የደሙን ውጤት አየ። ሐሴት በየመሐሉ እግሯን እየቀያየረች ቆመች።

«ለምንድን ነው እንደዚህ የሚያንዛዙት?» አለች።

«አውጥተነው ማታ መልሰን ብናስገባው ከዛሬው የባሰ ይጎዳሉ። ከሚያስፈልጋቸው በላይ ብናቆየውም ይጎዳሉ። መሐሉን ነው የምፈልገው።»

«አሁን እርግጠኛ ነዎት?»

«አይደለሁም» አለ ዶክተር ቢሩክ፤ ሲለውም አላፈረም። «ይችላሉ ብዬ ግን አምናለሁ። ካቃታቸው እዚህ ነን። እናውጣው።»

ሐሴት ይህን መልስ በልቧ አገላበጠችው። እሷ ትናንት መቶ በመቶ እርግጠኛ ነበረች።

እሷን ወደ ኮሪደሩ ሰደዱና መጋረጃውን ጋረዱ። ከውስጥ ሳል ተሰማ፤ ሻካራ፣ ረጅም፣ የሰው ሳል። አዝመራ ግድግዳውን ያዘች። «እሱ ነው» አለች። «የሱ ሳል ነው።»

አንድ ሰዓት አስጠበቋቸው። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ የትናንቷ ሐሴት ቀስ በቀስ ተመለሰች። መዳፏን ፎቶ አንስታ ግሩፑ ላይ ለቀቀችው። «ማሽኑ ተሳስቶ ነበር» ብላ ጻፈች። «ያረምኩት እኔ ነኝ። ቱቦው ወጥቷል።» አርባ ሦስቱም ሰው የልብ ምልክት ላከ። አጎቷ «ስንት ገባ?» ብለው ጠየቁ።

«እኔ ባልኖር እኮ ሊያቆሙት ነበር» አለቻት እናቷን፣ ለአራተኛ ጊዜ።

«ሰማሁ» አለች አዝመራ።

«ዶክተሩ ራሱ አላየውም።»

«ሰማሁ አልኩሽ።»

በሩ ተከፈተ። «ሁለታችሁም ግቡ፣ አጭር ይሁን» አለች ሲስተር ሐሚዳ። «ሐሴት፣ ማሽኑ ሲጮህ ግን እኔም እየመጣሁ ነበር።»

«ቀድሜዎታለሁ ማለት ነው» አለች ሐሴት።

ዋቅጅራ ከወገቡ ቀና ብሎ ተቀምጧል። አፍና አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ጭንብል አለ። ፕላስተሩ የነበረበት ጉንጩ ቀልቷል። አዝመራ እጁን ይዛ ምንም ሳትል ግንባሯን እጁ ላይ ደፋች። እሱም በሌላኛው እጁ ራሷን ዳበሰ። ስክሪኑ ላይ ነጩ ቁጥር ሃያ ነበር፤ ሐሴት አላየችውም። ደረቱን ነው ያየችው።

ከዚያ ግን አልቻለችም። ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ ያጠራቀመችው ወሬ ገፋት። በአልጋው ዙሪያ ዞራ ጆሮው ሥር ደረሰች፣ መዳፏን ዘርግታ «23»ን አሳየችው።

«አባዬ፣ ይኸን አየኸው? ማሽኑ ሠላሳ ሰባት ሲል እኔ ነኝ ቆጥሬ ያሳየኋቸው። ሃይደርም ፍሬቻውን አስጠግኗል፣ እኔ ነኝ ያስጠገንኩት። ዶክተሩ ሊያቆመው ሲል እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እንግዲህ ከዚህ ማሽን ያወጣህ ማን እንደሆነ ታውቃለህ፤ ለሰው ሁሉ ትናገራለህ። መልስ አትስጠኝ፣ ዝም ብለህ ራስህን ነቅንቅ።»

ዋቅጅራ ራሱን አልነቀነቀም። ጭንብሉን በሁለት ጣቱ ትንሽ አነሳ። ሐሴት ጎንበስ አለች። ድምፁ እንደተፋቀ ብረት ነበር፣ ለመስማት ትንፋሽ መያዝ ያስፈልጋል፣ ግን እሱ ነው፤ ጎርሶ፣ አላምጦ የሚመልሰው ራሱ ሰውዬ ነው።

«የተነፈስኩት አንቺ ዝም ስትይ ነው።»